የትምህርት ቤታችን የመብራት ቆጠራ አልቀንስ ብሎናል፤ ደገኞች እንዴት ነው የምታደርጉት?

የፊዚክስ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ባለፈው ወር ርዕሰ መምህራችን ቢሮ ጠርቶኝ የመብራት ሂሳቡን ፊቴ አስቀመጠው። "ኤሌክትሪክ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ፣ እስቲ ይህን ነገር እይልን" አለኝ። የወሩ ፍጆታ 2,870 ኪሎዋት ሰዓት ይላል። እኛ ጋ መብራት የሚከፈለው ከውስጥ ገቢ ነው። የውስጥ ገቢ ማለት ደግሞ ወረቀት ነው፣ የላብራቶሪ ዕቃ ነው፣ የተሰበረ ዴስክ ማስጠገኛ ነው። ዘንድሮ የኦምን ሕግ ሳስተምር ለ60 ተማሪ የነበረኝ አንድ አሚሜትር ብቻ ነበር። ወረቀቱን ሳየው ያ አሚሜትር ነው ትዝ ያለኝ።

እስካሁን ያደረግነውን ልንገራችሁ። በየክፍሉ በር ላይ "ስትወጡ መብራት አጥፉ" የሚል ተለጥፏል። ሚኒ ሚዲያው ጠዋት ሰልፍ ላይ ያስታውሳል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች በእረፍት ሰዓት እየዞሩ ያጠፋሉ። ሁለት ወር ሙሉ ሞከርነው። ቆጠራው ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ 9ኛ ክፍል ገባሁ። ውጭ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች። ክፍሉ ውስጥ ግን አራቱም ፍሎረሰንቶች በርተዋል። ሄጄ አጠፋሁ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ "ቲቸር፣ ሰሌዳው አይታየንም" አለችኝ። ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እውነቷን ነው፣ አይታይም። ቀና ብዬ መስኮቶቹን አየሁ። በመንገዱ በኩል ካሉት ሦስት መስኮቶች የሁለቱ መስታወት ረግፎ በቺፕውድ ተደፍነዋል። ሦስተኛው ላይ ካርቶን ተወትፎበታል። ካርቶኑን ነካ ሳደርገው በቀዳዳው የገባው ነፋስ ጣቴን አደነዘዘው።

አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። 2,800 ሜትር ላይ ነን። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ልጆቹ ብርዱን ለመከላከል መስኮቱን ደፈኑት፣ የጨለመውን ክፍል ደግሞ በመብራት አበሩት። በስንፍና ያበራው የለም። እኔ ራሴ በዚያ ዕድሜ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

አሁን ኮሚቴ ተቋቁሟል። አንዱ ወገን 96ቱንም የክፍል ፍሎረሰንት አውጥተን ኤልኢዲ እንግዛ ይላል። ሌላው ወገን ሶላር ካልተከልን ዋጋ የለውም ይላል። ያለን ብር ዘንድሮ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው የሚበቃው። ከየት ብንጀምር ይሻላል? የሞከራችሁትን ንገሩኝ። ከከተማ ብቻ ሳይሆን ከገጠርም ብሰማ ደስ ይለኛል።

ባለ ፒንሳ፣ ሸዋ ሮቢት

መምህርት፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ሥራ እሠራለሁ፤ ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም መስመር ዘርግቻለሁ። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ቆጣሪው ጋ ሂጂ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ዕቃ ይገዛና በኋላ ነው የሚቆጥረው። ተቃራኒውን አድርጉ።

ዓርብ ተማሪው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ 11:30 ላይ በይው፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፊ። ሰኞ ጠዋት 1:30 ላይ ድጋሚ ጻፊ። መሃሉ 62 ሰዓት ነው። በዚያ 62 ሰዓት ውስጥ ትምህርት የለም፣ ኮምፒውተር የለም፣ ሻይ የለም። የሄደው ሁሉ ማንም ሳይጠቀምበት የሄደ ነው፤ ወይም ከጥበቃ መብራት የመጣ ነው። ይህን ቁጥር ያላየ ሰው ስለ ቁጠባ ቢያወራ በግምት ነው የሚያወራው።

ሌላም ነገር አለ። ዲጂታል ቆጣሪ ከሆነ ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በየ3.6 ሴኮንዱ አንዴ ብልጭ ካለች በዚያች ደቂቃ 1 ኪሎዋት እየሄደ ነው። ፈጠን ካለች የሚሄደው በዝቷል፣ ዘግየት ካለች ቀንሷል። ስልክሽ ላይ ያለው ሰዓት ይበቃሻል። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረድሽ ብልጭታውን ቁጠሪ። የትኛው መስመር ስንት እንደሚበላ በግማሽ ሰዓት ታውቂያለሽ። ተማሪዎችሽንም ይዘሽ ሂጂ፣ ጥሩ የላብራቶሪ ትምህርት ነው። ብሬከር የሚነካው ግን ትልቅ ሰው ይሁን።

ስለ ኤልኢዲው፦ 36 ዋት የሚባለው ፍሎረሰንት ከነባላስቱ፣ ማለትም ቱቦውን ከሚያስነሣውና ፍሰቱን ከሚገድበው ዕቃ ጋር፣ ወደ 45 ዋት ይወስዳል። የኤልኢዲው ቱቦ 18 ዋት ነው። ስለዚህ ጥቅም አለው። ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንዱ የኤልኢዲ ቱቦ ባላስቱ ወጥቶ በቀጥታ ካልተገናኘ አይሠራም። ይህን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ተማሪ ወንበር ላይ አቁማችሁ እንዳታስቀይሩ አደራ። አንድ ትምህርት ቤት እንደዚያ ተሞክሮ ገመዱ ላላ ብሎ ቀርቶ የአምፖሉ መያዣ ሲቀልጥ አይቻለሁ። ልጅ ላይ ሳይደርስ እግዜር ነው ያወጣን።

ስለ ሶላሩ፦ መስመር ላለው ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ሥራ አይደለም። የሚባክነውን ሳትቀንሺ ሶላር ብትተክይ ለሚባክነው ነው ፓነልና ባትሪ የምትገዢው። ባትሪ ደግሞ በየተወሰነ ዓመቱ ይለወጣል። መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈኑ።

እኛ ቆላ ስለሆንን ችግራችን ከእናንተ ይለያል። ሸዋ ሮቢት ላይ በሚያዝያ ክፍል ውስጥ የሚያስቸግረው ሙቀት ነው፤ ያለ ፋን መቀመጥ አይቻልም። ለአንድ ትምህርት ቤት የሠራሁት ትልቁ ነገር ኮርኒስ ነው። ባዶ ቆርቆሮ ሥር ነበር የሚማሩት። ኮርኒስ ከገባ በኋላ ፋኖቹን ከሰዓት ላይ ብቻ ነው የሚያበሩት።

የሂሳብ ሠራተኛ፣ ዓለም ከተማ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለኮሚቴው ሪፖርት ስታደርጊ ብሩን ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓቱን አወዳድሪ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ ነው፣ ለአራት ዓመት በደረጃ የሚቀጥል ነው። እናንተ ሩቡን ብትቆጥቡ እንኳ ብሩ ላይ ላይታይ ይችላል። ሰዉ "ምንም አልቀነሰም" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እኛ ቢሮ እንዲህ ሆኖ አንድ ጥሩ ሥራ መሃል ላይ ቀርቷል። የዓምናውን 12 ወር ደረሰኝ ሰብስቢና ፍጆታውን ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊው። ደረሰኝ ከጠፋ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ማስወጣት ይቻላል።

የመንዙ መምህር

እህቴ፣ ከገጠርም ብሰማ ስላልሽ ነው የምጽፈው። እኛ ጋ ቆጣሪም የለም፣ የሚያጠፉትም መብራት የለም። ከመሐል ሜዳ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለ አንደኛ ደረጃ ነው። ግን ኃይል እንፈጃለን፣ ያውም ብዙ። የምንፈጀው ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

የተማሪ ምገባ ከተጀመረ ወዲህ በየቀኑ ለ310 ልጅ ንፍሮ ወይም ክንቼ ይሠራል። ማገዶውን የሚያመጣው ወላጅ ነው። አንዱ ፍልጥ ይልካል፣ አንዱ ኩበት ይልካል። ሰኞ ጠዋት የስምንት ዓመት ልጅ በአንድ እጁ ደብተር በሌላው ኩበት ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ታያለሽ። ይህ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም። ደረሰኝ የለውማ። ግን ያ ኩበት የማን ነበር? የገብሱ ማሳ ነበር። ማሳው ላይ ቢወድቅ ፍግ ነው፣ እኛ ምድጃ ውስጥ አመድ ይሆናል። እኛ አገር ከባሕር ዛፍ በቀር ቆሞ የሚታይ እንጨት የለም። ስለዚህ ለእኔ ማገዶ መቆጠብ ማለት የወላጅን ማሳ መቆጠብ ነው።

ዓምና አንድ ሳምንት ሙሉ ማገዶውን መዘንኩት። ከገበያ የእህል ሚዛን ተውሼ ነው። በቀን 46 ኪሎ ይገባ ነበር። ሦስት ጉልቻ ላይ፣ ክዳን የሌለው በርሜል ተጥዶ፣ ነበልባሉ በሦስት በኩል እያመለጠ። ሁለቱ ምግብ አብሳይ እናቶች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረው እስከ አራት ሰዓት ጭስ ውስጥ ናቸው። የአንደኛዋ ዓይን ሁልጊዜ ቀልቶ ነው የሚውለው።

አንቺ የፊዚክስ ሰው ስለሆንሽ ይህን ትወጂዋለሽ። ባቄላው ለምን አልበስል እንደሚል ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ክረምት የመጣ የወንድሜ ልጅ ነው የነገረኝ። እኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ አይሞቅም። እንጨት ብትጨምሪ ውሃው ይበልጥ ይንተከተካል፣ ይበልጥ ይተናል እንጂ ባቄላው ቶሎ አይበስልም። እኛ ግን ሲዘገይ እንጨት ስንጨምር ነበር የኖርነው።

ከዚያ ያደረግነው ይኸው ነው። ባቄላውንና ስንዴውን ማታ እንዘፈዝፋለን። ለበርሜሉ ከአሮጌ ቆርቆሮ ክዳን አሠራን፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫናል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱ ይቀነሳል። ዋናው ደግሞ ምድጃው ነው። ለእንጀራ የሚሆነውን ምርት ምድጃ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ከሦስት ጉልቻ ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። ለእኛ በርሜል ግን እሱ አይሆንም። ስለዚህ በድንጋይና በጭቃ በርሜሉን ዙሪያውን ከበብነው። ማገዶ ማስገቢያው አንድ አፍ ብቻ ነው። በግድግዳውና በበርሜሉ መሃል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ተውን፣ ነበልባሉ በርሜሉን እየላሰ እንዲወጣ። ለትልቅ ድስት ተብሎ የተሠራ የሮኬት ምድጃ ብናገኝ ይበልጥ ይሻል ነበር፣ እስኪገኝ ግን በዚህ ሠርተናል። እንጨቱንም ከአንድ ወር በፊት አስመጥተን ጣራ ሥር እናደርቀዋለን።

ዘንድሮ በጥቅምት ድጋሚ መዘንኩ። 27 ኪሎ። እናቶቹ አሁን ሥራ የሚጀምሩት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኩበት ማምጣት የሚጠበቅባቸው ልጆችም በሳምንት አንዴ የነበረው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሆኖላቸዋል። የእናንተም ትምህርት ቤት ምገባ ካለው ወጥ ቤቱን አትርሱት።

የሦስት ልጆች አባት፣ ደብረ ብርሃን

እኔ የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ነኝ። የሌላ ትምህርት ቤት ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። የምናገረው ከልቤ ነው፣ መምህርት እንዳትቀየሚኝ።

ቁጠባ ሲባል እኔን የሚያስፈራኝ መጨረሻው ልጆቹ ላይ ማረፉ ነው። ልጄ ከሰዓት ፈረቃ ነው የምትማረው። ባለፈው ዓመት በእነሱ ትምህርት ቤት "መብራት ከ10 ሰዓት በኋላ አይበራም" ተባለ። በክረምት መግቢያና ጉም በሚሆንበት ቀን የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ በድንግዝግዝ ነበር የሚማሩት። ደብተሯን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ስትጽፍ አየኋት። ሁለት ወር ታግለን ነው ያስነሣነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹ የሚያዩበት ብርሃን ይኑር። ከዚያ ወዲያ ቆጥቡ።

ሁለተኛ ጥበቃውን አደራ። የትም ትምህርት ቤት ሂዱ፣ የሌሊት ፍጆታ ሲጣራ "ዘበኛው ምድጃ ይሰካል" ይባልና ሰውየው ላይ ይወረዳል። ውርጭ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድር ሽማግሌ ምን ያድርግ? ምድጃውን ከመንጠቅ በፊት የሚያድርባትን ቤት እዩዋት። የእኛ ጥበቃ ቤት በሯ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያለ ነበር፣ ነፋሱ ቀጥታ ይገባል። በሩን አስተካክለን ኮርኒስ አስገባንለት። ወላጅ አዋጥቶ ካፖርትና ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛለት፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይህ አይከብድም። ምድጃውን ራሱ ነው የመለሰልን።

የፊዚክስ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት የነገራችሁኝን ስሠራ ነው። ያገኘሁትን ልጻፍላችሁ።

ባለ ፒንሳ ወንድሜ እንዳለው ዓርብ 11:30 ላይ ቆጣሪውን ጻፍኩ። ሰኞ 1:30 ላይ ድጋሚ ጻፍኩ። 148 ኪሎዋት ሰዓት። አንድም ተማሪ ግቢ ውስጥ በሌለበት። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አጣራሁት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከሁለት መምህራንና ከአምስት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ቆጣሪው ጋ ቆምን። ወላጆቻቸውን አስፈቅደን ነው፣ በኋላም እየሸኘን ቤታቸው አድርሰናል። ጨለማ ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቀይዋ መብራት ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብልጭ ትላለች። አንዲት ተማሪ ስልኳን ይዛ ትቆጥራለች፣ ሌላው በደብተሩ ይጽፋል። የግቢውን ባውዛ መስመር ስናወርደው ግቢው ጭልም አለ፤ ቀይዋ መብራትም ወዲያው ቀዘቀዘች። በየ2.5 ሴኮንዱ አንዴ። ልጆቹ ያለ እኔ እርዳታ አሰሉት፤ ባውዛዎቹ ብቻ 3 ኪሎዋት ይወስዳሉ።

ስድስት ባውዛ ነው ያለን፣ ባለ 500 ዋት። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ይበራሉ፤ ቅዳሜ የለ፣ እሁድ የለ፣ ክረምት የለ። በወር 1,080 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ይህን ሳሰላ ነው የደነገጥኩት። 96ቱ የክፍል ፍሎረሰንቶች በቀን ስምንት ሰዓት ቢበሩ በወር 760 ነው የሚሆኑት። ስንት ወር ሙሉ ተማሪ ላይ ስንጮህ ከረምን፤ ከተማሪው ይልቅ የሚበላው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ኖሯል።

የቀረው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ የጥበቃችን ምድጃ ነው። ጋሼን ሄደን ነገርናቸው፣ ሳይቆጡ ነቀሉት። ብልጭታው ወደ ዘጠኝ ሴኮንድ ዘገየ። ሌላው ያ ዘጠኝ ሴኮንድ ራሱ ነው፤ 400 ዋት። ፍለጋ ሄድን። የአይሲቲ ክፍሉ ተቆልፏል፣ ኮምፒውተሮቹ ጠፍተዋል። በመስኮት ስናይ ግን በጨለማው ውስጥ ትንንሽ አረንጓዴና ቀይ መብራቶች ተደርድረዋል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሮቹን በባትሪ የሚያቆዩት ሃያዎቹ ዩፒኤሶች ሌት ተቀን ተሰክተው ነው የሚያድሩት። ኮፒ ማሽኑም እንደዚያው። አሁን ለክፍሉ ያለው ብሬከር ላይ ወረቀት ለጥፈናል፤ የመጨረሻው መምህር አውርዶት ይወጣል። አንድ ሳንቲም አላስወጣንም።

ከዚያ ለኮሚቴው ሦስቱን አማራጮች በቁጥር አቀረብኩ። ስድስቱን ባውዛ በባለ 50 ዋት ኤልኢዲ ብንቀይር በወር ወደ 970 ኪሎዋት ሰዓት ይቀንሳል። ሁሉንም የክፍል ፍሎረሰንት በኤልኢዲ ብንቀይር 456 ነው። ሦስተኛውን ማንም አልጠበቀውም። መስታወቱን ብንጠግንና በጠራ ቀን መብራቱ ከስምንቱ ሰዓት አምስቱን ቢጠፋ 475 ነው። ከ96 አዲስ ኤልኢዲ መስታወቱ ይበልጣል፤ ልጆቹም በነፋስ አይመቱም። የሦስት ልጆች አባት እንዳሉት ማብሪያውን ማንም አይከለክልም፤ ጉም በሆነ ቀን ይበራል።

የተማሪ ቡድን ልከን የረገፈውን መስታወት አስቆጠርን። 131 ነው። ስድስቱ ባውዛዎች ባለፈው ሳምንት ተቀይረዋል፤ ቀን ሲነጋ በራሱ የሚያጠፋው ፎቶሴልም ገብቷል። በተረፈው ብር መስታወትና ስቱኮ እየገዛን ነው። እስካሁን ሰባት ክፍል ጨርሰናል። ቺፕውዱን ስናነሣው የተገኘውን ብርሃን ብታዩት። መጀመሪያ ካነሣነው ክፍል አንዱ የዚያች "አይታየንም" ያለችኝ ልጅ ክፍል ነው። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ስገባ መብራቱ ጠፍቷል። ማን እንዳጠፋው ጠየቅኩ። "ቲቸር፣ ያበራውም የለ" አሉኝ።

የመምህራን ክበቡ ይቀረኛል። እዚያ ሁለት ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ፤ ለሻይ ተብሎ ገብቶ አሁን ለመሞቂያ ነው የሚሰካው፣ በቀን እስከ አምስት ሰዓት። ባልደረቦቼን ንቀሉ ለማለት ይከብደኛል፣ እኔም አጠገቡ እጄን ሞቄአለሁ። መስኮቱንና በሩን መጀመሪያ አስጠግኜ ነው የምነግራቸው። ለጋሼም የጥበቃ ቤቷ በር ታዟል፤ እስኪመጣ ምድጃውን መልሰን ሰክተንላቸዋል።

የመንዙ መምህር፣ እኛ ጋ ምገባ የለም፤ ግን ጽሑፍህን አትሜ ክፍል ውስጥ አነበብኩት። የመፍላት ነጥብን በዚህ ዓመት የማስተምረው በአንተ ባቄላ ነው። ለአንድ ሙከራ እርዳኝ፦ ቴርሞሜትር ብልክልህ የበርሜሉን ውሃ ሲፈላ ለክተህ ትነግረኛለህ? እኛም እዚህ እንለካና ልጆቹ ያወዳድሩት።

የመንዙ መምህር

ላኪልኝ እህቴ፣ በደስታ። ቅዳሜ የገበያ መኪና አለ፣ በሹፌሩ በኩል ይደርሰኛል። እናቶቹም ይለኩ፤ እነሱ ናቸው ውሃው መቼ እንደፈላ ከእኔ በላይ የሚያውቁት።

ባለ ፒንሳ፣ ሸዋ ሮቢት

መምህርት፣ ኮራሁብሽ። ባውዛዎቹን የሰቀለው ሰው የሽቦውን መጋጠሚያ ዝናብ እንዳያገኘው መሸፈኑን አረጋግጪ። ከአሮጌው ጋር የነበረው ላስቲክ ብዙ ጊዜ ደርቆ ተሰንጥቆ ነው የሚገኘው። በመጪው ሳምንት ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ። ከፈለግሽ ረቡዕ ከሰዓት ገብቼ አየዋለሁ፣ የምጠይቅሽ መሰላል ብቻ ነው።

የፊዚክስ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን

መሰላሉ ይጠብቅሃል፣ ሻይም አለ። ረቡዕ ከሰዓት 10ኛ ክፍል ነኝ፤ ከደረስክ በኋላ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ግባና ለልጆቹ ስለ ባላስቱ ንገርልኝ።